ሦስት ጊዜ አጥቦ መቀቀል

ሰኞ፣ የካቲት 4፣ 2016

ተፈረመልኝ! ርእሰ መምህራችን እንድርያስ ማመልከቻዬን ሦስት ሳምንት መሳቢያው ውስጥ ካስተኛው በኋላ ዛሬ ፈረመበት። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአራተኛ ክፍል ልጆቼን ይዤ ጫካ እገባለሁ። «የአካባቢ ሳይንስን በአካባቢው ውስጥ ማስተማር» ብዬ ነበር የጻፍኩት። «አንቺ መቼም ለወረቀት ተፈጥረሻል፣ ማናልሞሽ» አለኝ። እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

የሚያስተምሩን ጋሽ አለሙ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ በላይ ባለው ጫካ ቀፎ ይሰቅላሉ፤ የማያውቁት ቅጠል የለም ይባላል። አማርኛቸው ግን ከሰላምታ አያልፍም፤ የሚናገሩት የአገሩን ቋንቋ ሸኮኛ ነው። ከሠላሳ አራት ልጆቼ ውስጥ ደግሞ ሸኮዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ለቡና እርሻው ሥራ ከየቦታው መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል።

«ያው አንቺ ሸኮኛ አትችይም» አለ እንድርያስ።

«አልችልም» አልኩ።

ይህን ቃል ስናገር ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አሁንማ ምላሴ እኔን ሳያስፈቅድ ያወጣዋል።

የምታስተረጉመው ሎሚ ናት። ከአምስቱ በአማርኛ የምትሻለው እሷ ናት። ስነግራት ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ሮጠች፤ ምን ሆና ነው ብዬ ብከተላት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ብቻዋን ትዘላለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ልጆቹ ክፍል ውስጥ አፋቸውን ከፍተው የሚያንቀላፉት ልጆች አይደሉም። ጋሽ አለሙ ንብ የምትወደውን ዛፍ በማሽተት እንድንለይ አደረጉን። ሠላሳ አራት ልጅ ግንድ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ሲያሸት ማየት ነው!

እንድርያስ ሊጎበኘን ነጭ ጫማውን ተጫምቶ መጣ። ጋሽ አለሙ አይተውት በሸኮኛ፣ «ይህ ሰው ጫማውን የሚያሳየው ለማን ነው? ለጉንዳኑ ነው?» አሉ። ሳቅሁ። አምልጦኝ ነው። አምስቱ ልጆች ከእኔ በኋላ ነው የሳቁት።

«ምን አሉ?» አለ እንድርያስ።

ሎሚ ዓይኗን ሳታሽ፣ «ጋሼ እንኳን ደህና መጡ ብለዋል» አለች። ይህቺ ልጅ ትልቅ ቦታ ትደርሳለች።

አብሮን የነበረው የሒሳብ መምህር አሕመዲን ስንመለስ፣ «አንቺን ምን አሳቀሽ?» አለኝ።

«ልጆቹ ሲስቁ ነዋ።»

«እህ» አለ። ጋሽ አለሙም ስስቅ ሲያዩኝ ነበር። ወደፊት መጠንቀቅ አለብኝ።

እሑድ፣ የካቲት 10፣ አማን

እማን ልጠይቅ መጣሁ። ስለ ሐሙሱ ስነግራት በጣም ደስ አላት። ደጋግማ «ታዲያ አንቺው አታስተረጉሚም?» አለችኝ። ልጆቹ እንዲለማመዱ ነው አልኳት።

እማ ሸኮ ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጎጃም ነው የመጣው። አምስተኛ ክፍል እያለሁ እማ የረሳሁትን ምሳ ይዛልኝ መጥታ ከአጥሩ ውጭ በሸኮኛ ተጣራች። ጓደኞቼ ዞረው አዩኝ። እኔም ከእነሱ ጋር ዞሬ ማን ናት እንደሚል ሰው አየኋት። ምሳውን ለዘበኛው ሰጥታ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ባለበት በአማርኛ ብቻ ነው የምትጠራኝ። አማርኛዋ እስከ ዛሬ ይጎትታታል።

አሁን የማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመደብ እንድርያስ ሲጠይቀኝ «አልችልም» ያልኩት ግን በዚህ የተነሳ አይደለም። ቋንቋውን የሚችል አንደኛ ክፍል ይመደባል፣ ዝውውርም አያገኝም ስለተባለ ነው። ለአንድ ዓመት ብዬ ነበር። ከዚያ ወላጆች አትሰማንም እያሉ ፊት ለፊቴ የሚያወሩትን መስማት፣ ደግ ነገር አይደለም፣ ግን ጣመኝ። ስለ ፀጉሬ፣ ስለ አረማመዴ፣ ባል ስላለማግኘቴ የማላውቀው ነገር የለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ደክሞኛል፣ አጭር ልጻፍ። ወላጆች በደቦ የችግኝ ቦታውን አጠሩልን። የቡና ችግኝ፣ ኮረሪማ፣ ጎደሬ። ሰፋሪውም ሸኮውም አንድ ላይ ሠራ። ከሰፋሪዎቹ አንዷ፣ የተማሪዬ የረድኤት እናት የሺሃረግ፣ ለጋሽ አለሙ ውኃ በጣሳ አቀበለች። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን እኔ ያመጣሁት ነው ብዬ ኮራሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ዛሬ ከመሬት ስለሚቆፈር ምግብ ነበር። ጋሽ አለሙ ሁለት ሐረግ አሳዩን። አንዱ በየጓሮው ያለው ቦዬ ነው። ሌላው የጫካው ነው፤ ሥሩ ሲቆፈር ቁርጥ ቦዬ ይመስላል፣ ቅጠሉ ግን ሦስት ሦስት ሆኖ ነው የሚወጣው። ጣታቸውን እየቆጠሩ ቀስ ብለው ተናገሩ። በክፉ ቀን እናታቸው ይህን ሥር ከትፋ፣ በቅርጫት አድርጋ፣ የሚፈስ ወንዝ ውስጥ ሦስት ሌሊት ታሳድረው ነበር። ሦስት ሌሊት ካላደረ መርዝ ነው። እንድትበሉት ሳይሆን እንድታውቁት ነው የማሳያችሁ አሉ።

ሎሚ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄኛው ቅጠሉ ሦስት ነው። ሦስት ጊዜ አጥቦ መቀቀል ነው አሉ» አለች።

እንድርያስ አጠገቤ ነበር። አሕመዲንም ነበር። ልጆቹ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እኔ ትልቁ ወረቀት ላይ የምጽፈውን ይጠብቃሉ።

ጻፍኩት። «የጫካ ቦዬ፦ ሦስት ጊዜ አጥቦ መቀቀል።»

ነገ አስተካክለዋለሁ። መጽሐፍ ላይ አነበብኩ እላለሁ፣ ወይም ጤና ጣቢያ ጠየቅሁ እላለሁ። ማንም ደግሞ ጫካ ገብቶ ሥር አይቆፍርም።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ለወላጆች ቀን ዝግጅት። መዝሙር፣ ወንበር፣ ድንኳን ከቀበሌ። ወረቀቱን አላስተካከልኩም። ሰኞ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

ልጆቹ በቡድን ሆነው የተማሩትን ምግብ ለወላጆች እናብስል አሉ። ምን የመሰለ ሐሳብ! እንድርያስ እንኳን ፈገግ አለ። አንድ ቡድን ጎደሬ፣ አንዱ ዱባ፣ የእነረድኤት ቡድን ቦዬ። ወረቀቱ ከግድግዳው ላይ አልወረደም፤ ወላጆች እንዲያዩት ይቆይ ተባለ። የጓሮ ቦዬ ነው የሚያመጡት፣ ሌላ ከየት ያመጣሉ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ስድስት ልጆች። ረድኤት ወደ ሚዛን ሆስፒታል ተወስዳለች። በሞተር እስከ ዋናው መንገድ፣ ከዚያ በመኪና። ነገ እጽፋለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 29

የቀሩት አምስቱ ደህና ናቸው። ሌሊቱን ሲያስመልሳቸው አድሮ ዛሬ ሾርባ ቀምሰዋል። ረድኤት ግን አሁንም አልጋ ላይ ናት። የበላችው ከሁሉም በላይ ነው፤ ለእናቷ አብስላ፣ እናቷ እስክትመጣ ሳትጠብቅ።

የሆነውን ልጻፍ። እነረድኤት ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ጫካ ገብተው ቆፈሩ። ወረቀቱ ላይ እንዳለው ሦስት ጊዜ አጠቡት። ድስቱ ሲወጣ እኔ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር እደረድር ነበር፣ ሎሚ ደግሞ ለሸኮ ወላጆች ንግግሩን ታስተረጉም ነበር። ጋሽ አለሙ ዘግይተው መጡ። ድስቱ አጠገብ የተጣለውን ቅጠል አይተው በሸኮኛ ጮኹ፤ «አፋቸው ውስጥ ያለውን አስተፏቸው!»

ሰው ሁሉ ሎሚ የት ናት ይላል። እኔ ሮጬ የረድኤትን ሳህን ቀማሁ፣ ጣቴን አፏ ውስጥ ከትቼ አስተፋኋት፣ ወደ ሌሎቹም ሮጥኩ።

በኋላ አሕመዲን «እንዴት ገባሽ?» አለኝ።

«ከእጃቸው» አልኩ። «በእጃቸው እያሳዩ ነበር።»

እጃቸውን አላንቀሳቀሱም። ዱላቸውን ይዘው ነው የቆሙት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ረድኤት ዓይኗን ገልጣ እናቷን አውቃለች። ተመስገን። የሺሃረግ ስልክ ላይ «አንቺ ባትደርሺ ልጄን አጥቼ ነበር» ብላ አለቀሰችልኝ። እኔም አለቀስኩ። ለእሷ መስሏታል።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ከወረዳ ሁለት ሰዎች መጡ። በእንድርያስ ቢሮ ተቀመጥን። ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባላል።

ጋሽ አለሙ በቀበሌው ሚሊሺያ አስተርጓሚነት ተጠየቁ። ሦስት ሌሊት ወንዝ ውስጥ እንደሚያድር ተናግሬያለሁ አሉ። ከወረዳ ሰዎች አንዱ የእኔን ወረቀት አንስቶ «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ሁሉም ወደ ሎሚ ዞረ። ወንበሩ ትልቅ ስለሆነባት እግሯ መሬት አይነካም።

«እኔ የሰማሁትን ነው ያልኩት» አለች።

ጋሽ አለሙ እሷን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ፣ ረዘም አድርገው። ብዕሬን ይዤ አጎንብሻለሁ። «ልጅቷን ተዉአት። አርጅቻለሁ። ምናልባት እኔ በትክክል አልተናገርኩ ይሆናል» አሉ። ሚሊሺያው ተረጎመው። እኔ ግን ከእሱ በፊት ነው የሰማሁት።

በቃለ ጉባኤው ላይ «ግለሰቡ ጥፋታቸውን አምነዋል» ብዬ ጻፍኩ። አላሉም። «ይሆናል» ነው ያሉት። ማንም አርሚው አላለኝም፤ ፈርሜ ሰጠሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ሻይ ቤት የሰማሁት፦ «ሆን ብለው ነው። የእነሱ ልጆች መቼ ቀመሱት?» እውነት ነው፣ አምስቱ ሸኮ ልጆች ድስቱ ጋ አልደረሱም። የጎደሬው ቡድን ውስጥ ስለነበሩ ነው። ይህን መናገር ቀላል ነበር፣ ቋንቋም አይጠይቅም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሎሚን ልጆቹ «ሦስት ጊዜ» እያሉ መጥራት ጀምረዋል። ስሟ ሆኗል። ሁለቱን ቀጣኋቸው። እኔ!

አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃ ነበር። «ሎሚ፣ ሦስት ጊዜ ነው ወይስ ሦስት ቀን? እስቲ ጠይቂልኝ።» ይህን ለማለት ሸኮኛ መቻል አያስፈልግም። ማንም አስተማሪ ይጠይቃል። ይህ የታየኝ ዛሬ ጥርሴን ስቦርሽ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 18

ሎሚ ትምህርት ካቆመች ስድስት ቀን ሆናት። ቤቷ ሄድኩ። ወጥታ አላየችኝም፤ ከግድግዳው ኋላ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

እናቷ በርጩማ አቀረበችልኝና ለጎረቤቷ በሸኮኛ፣ «ይህቺ ደግ ናት። ከሁሉም አስተማሪ እሷ ብቻ ልጄን ልትጠይቅ መጣች። ቋንቋችንን ባታውቅም ሆዷ ያውቃል» አለቻት። ፈገግ ብዬ ያልገባው ሰው መሰልኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ እኔ ከሰማሁት ሁሉ ይሄኛውን ባልሰማው ይሻለኝ ነበር።

እንድርያስ ነግሮኛል፦ ሚያዝያ 5 የወላጆች ስብሰባ አለ። የውሳኔ ሐሳቡ ጋሽ አለሙ ወደ ትምህርት ቤቱ እንዳይደርሱ፣ ከላይ ካለው ጫካም ቀፏቸውን አውርደው እንዲወስዱ የሚል ነው። የት ይወስዱታል? ሌላው ጫካ የሌላ ሰው ነው። አባታቸውም እዚያው ነበር የሚሰቅሉት። የሐሙሱም ትምህርት ይቀራል። «ቃለ ጉባኤሽ ግልጽ ስለሆነ ብዙ ክርክር አይኖርም» አለኝ። አመሰገነኝ።

እሑድ፣ መጋቢት 22፣ አማን

ለእማ ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም። ሽማግሌው ችግር ላይ ናቸው፣ አለሙ ይባላሉ፣ ቀፎ ይሰቅላሉ አልኳት።

«አውቀዋለሁ እኮ» አለች። «የአክስቴ ልጅ ነው። በየካቲት፣ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት፣ ማር ሊሸጥ መጥቶ እዚህ ቤት አድሯል። ልጅሽን አየኋት አለኝ። ስትስቅ አንቺን ትመስላለች አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ቋንቋ እንደምትችል ለሰው አትናገርም፣ አንተም አትናገርባት አልኩት።» ሽንኩርቷን መላጥ አላቆመችም። «እሺ አለኝ። ምክንያት ይኖራታል አለ።»

እማ ታውቅ ነበር። እኔ ልጆቹ እንዲለማመዱ ነው ብዬ ስዋሽ ሁሉ ታውቅ ነበር። እሳቸውም እንድርያስ ቢሮ ውስጥ «እሷ ሰምታኛለች፣ ጠይቋት» ማለት ሲችሉ ለእናቴ የገቡትን ቃል ጠበቁ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚቀራቸው። አፈርኩ። ሰው ባለበት ሳይሆን ማንም ሳያየኝ፣ በእማ ጓዳ ውስጥ፣ ፊቴ እስኪነድ አፈርኩ።

«እናገራለሁ» አልኳት።

«በየትኛው?» አለች።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ጮክ ብዬ ሞከርኩት። የእኔ ሸኮኛ የሕፃን ነው። «ስጪኝ»፣ «ራበኝ»፣ «እሱ መታኝ» ማለት ይችላል። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ማለት አይችልም። ሌላ ሰው ሲናገር ሁሉንም እሰማለሁ፤ ስናገር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ።

በአማርኛ ብናገር ይቀላል። ግን በአማርኛ ከሆነ «ሽማግሌው ሦስት ሌሊት ብለዋል» ስል ማን ያምነኛል? አሕመዲን ዛሬ «ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው?» አለኝ። ነገርኩት። የመጀመሪያው ሰው ነው። «ጉንዳኑን ያሉ ቀን ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ምን ጉንዳን?» አልኩት። ያኔ ሽማግሌው ምን እንዳሉ ከልጆቹ አንዱን ጠይቆ ኖሯል። «ቅዳሜ ሳትናገሪ ብትቀሪ ግን እኔ አልናገርም፤ አንቺው ትሸከሚዋለሽ» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 5

ስብሰባው ማንጎው ሥር ነበር። ረድኤት መጥታለች፤ አንገቷ ቀጥኗል፣ ግን ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች። ሎሚ ከእናቷ ኋላ ተቀምጣለች፤ እናቷ ጎትታ ነው ያመጣቻት። ጋሽ አለሙ ከጠርዝ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው።

እንድርያስ ቃለ ጉባኤዬን አነበበ። «ግለሰቡ ጥፋታቸውን አምነዋል።» አስተያየት ያለው አለ። ተነሳሁ። ማንም አልገረመውም፣ እኔ ሁልጊዜ አስተያየት አለኝ።

በሸኮኛ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የሎሚ እናት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። አንድ ሰው ሳቀ፤ አነጋገሬ የሕፃን ስለሆነ ይመስለኛል። ቀጠልኩ። ጋሽ አለሙ ሦስት ሌሊት አሉ፣ መርዝ ነው አሉ፣ አትብሉት አሉ። እኔ ሰማሁ። እማዬ ሸኮ ናት። ውሸት ጻፍኩ። በዚሁ ቃላት ነው ያልኩት፣ ሌላ አልነበረኝም። ከዚያ ሁሉንም እንደገና በአማርኛ ተናገርኩ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩትንም፣ አምስቱ የሸኮ ልጆች ከጎደሬው ቡድን እንደነበሩም።

የሺሃረግ ቀና ብላ አየችኝና ረድኤትን ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ፊቷን ከእኔ አዞረች። መብቷ ነው። እንድርያስ «ይህ ለወረዳ ይቀርባል» አለ። ይቅረብ። የጋሽ አለሙ ጉዳይ ተሰርዟል፤ ቀፎአቸው ካለበት አይነሳም። ሽማግሌው ተነስተው ወደ እኔ መጡና ትከሻዬን ያዙኝ። በሸኮኛ «እናትሽን ሰላም በይልኝ» አሉኝ። ይህን ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰው መበተን ሲጀምር ሎሚ መጣች። ከወር በላይ ስሸሸው የነበረው ይህን ፊት ነው። በአማርኛ ነው የተናገረችኝ፣ እንደ ክፍል ውስጥ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ይሰሙኝ ነበር?»

«አዎ፣ ሎሚ። እሰማሽ ነበር።»

አሰበች። ሳስተምራት እንደዚህ ነው የምታስበው፣ ከንፈሯን ወደ ጎን አድርጋ። «መዘፍዘፍ» አለች። «ውኃ ውስጥ ማሳደር መዘፍዘፍ ነው የሚባለው። በኋላ አሕመዲን ቲቸር ነገሩኝ። እኔ በአማርኛ አላውቀውም ነበር። ቃሉን አጣሁትና ወደ እርስዎ አየሁ።»

እውነት ነው። አይታኛለች። ጋሽ አለሙ ተናግረው ሲጨርሱ፣ «ሦስት ጊዜ አጥቦ» ከማለቷ በፊት፣ ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን አይታኛለች። የካቲት 21 ቀን ይህን ሁሉ ስጽፍ ይህን አልጻፍኩም። «ትንሽ ዝም አለች» ብቻ ብዬ ነው ያለፍኩት።

«ቃሉን እያወቁ ለምን አልሰጡኝም?» አለችኝ።

እናቷ ጠራቻት፣ ግን አልሄደችም። መልሴን ቆማ ጠበቀች።